ኦቦ ደቻሳና የሰርቪስ ቤቱ ባንድ

ኦቦ ደቻሳ አርፈዋል። አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል፤ ያልሰማችሁ ካላችሁ ከዚህ ጽሑፍ መስማታችሁ ያሳዝነኛል። ባለፈው ረቡዕ ማለዳ ወደ ሥራ ሊሄዱ ጫማቸውን እያሰሩ ደረታቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ ሆስፒታል ሳይደርሱ ሕይወታቸው አለፈ። ስልኩ ሲደወልልኝ ቁርስ ላይ ነበርኩ። ሰምቼ ዘጋሁና ቁርሴን ጨረስኩ። ለምን እንደጨረስኩት እስካሁን አላውቅም።

አምቦ ላይ በውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛነታቸው የሚያውቋቸው ይበዛሉ። እኛ የምናውቃቸው በባስ ጊታራቸው ነው። ከቤታቸው ጀርባ ያለውን ሰርቪስ ቤት ለልምምድ ስለሰጡን የባንዳችን ስም «ሰርቪስ» ሆኖ ቀረ። ቶለሳ የሮክ ጊታሩን ያስጮኻል፤ ሌንሳ በኦሮምኛና በአማርኛ ራፕ ታደርጋለች፤ እኔ በኮምፒውተር የዳንስ ምት እሠራለሁ፤ እርሳቸው ከሥር ሬጌያቸውን ረጋ አድርገው ይይዛሉ። መጀመሪያ ላይ ሙዚቃችን ከገበያ ቀን ጫጫታ አይሻልም ነበር፤ ሁላችንም «እኔን ስሙኝ» ባዮች ነን። እርሳቸው ግን አይቆጡም። ጊታራቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሳርፉና «ሱታ፣ ኢጆሌ! ቀስ በሉ፣ ልጆች! ሁላችሁም በአንዴ ከገባችሁ በሩ ይሰበራል» ይሉናል። ከዚያ አንድ ሰው ብቻ ያስጀምራሉ፤ ሌሎቻችን እጃችንን እያሳከከን ተራችንን እንጠብቃለን።

ሰፈር ውስጥ ሰው ከሞተ ልምምድ የለም። «የዛሬ ልምምዳችን ለቅሶ ቤት ነው» ብለው ይዘውን ይሄዳሉ፤ እኛም የድንኳን ብረትና አግዳሚ ወንበር ስንሸከም እንውላለን።

የሌንሳ ነገር ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። አባቷ ኦቦ ገመቹ ጉደር ላይ እህል ነጋዴ ናቸው። ልጃቸው ማይክ ይዛ እንደምትለፈልፍ ሲሰሙ ከቤት እንዳትወጣ ከለከሏት። እኛ ተስፋ ቆረጥን። ኦቦ ደቻሳ ግን ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ ልክ ሚስት እንደሚጠየቀው ጉደር ሄዱ። እኔም ከኋላ ነበርኩ።

«ማሎ፣ እባካችሁ ቁጭ በሉ እንጂ» አሉ ኦቦ ገመቹ።

«ጥያቄያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። ልጅዎን ልንጠይቅ ነው የመጣነው።»

«እርስዎ ወንድ ልጅ የለዎትም። ለማን ነው የሚጠይቁኝ?»

«ለማይክ ነው» አሉ ኦቦ ደቻሳ፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ።

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ኦቦ ገመቹ ግን ደንቡ ነውና «ከዘመድ ጋር ልምከር፣ ሌላ ቀን ኑ» ብለው ቀጠሩን። በቀጠሯችን ሄድን፤ ደግመው ቀጠሩን። ኦቦ ደቻሳ አንዱንም አላጓደሉም። በመጨረሻ ኦቦ ገመቹ «ሳይመሽ ራስዎ ቤቴ ድረስ የሚያመጡልኝ ከሆነ ትዝፈን» አሉ። ከዚያ ወዲህ ከልምምድ በኋላ ሌንሳን በሚኒባስ ጉደር አድርሰው ይመለሱ ነበር። ዝናቡም የጉልበታቸው ሕመምም አላስቀራቸውም። አንዳችን እንተካዎት ስንላቸው «ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ» ይላሉ፤ ሌላ አይጨምሩም።

በቀብራቸው ዕለት የዕድሩ ድምፅ ማጉያ አልሠራ ብሎ የእኛን አወጣን። ገመዱን ዘረጋሁ፤ «አንድ፣ ሁለት» ብዬ ማይኩን ሞከርኩ። ሰው ያለቅሳል፤ እኔ ድምፁ ከኋላ ላሉት ይሰማ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። የዕድሩ ዳኛ የሕይወት ታሪካቸውን ሊያነቡ «ኦቦ ደቻሳ» ሲሉ ድምፁ «ደቻሳ… ቻሳ… ቻሳ…» እያለ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ሞላው። ለሬጌው የምንጠቀምበት ኢኮ እንደተከፈተ ነበር። ከልምምድ በኋላ የሚያጠፉት ሁልጊዜ እርሳቸው ናቸው፤ ሌሎቻችን ትዝ ብሎንም አያውቅም። ሮጬ ቁልፉን ስይዝ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጫልቱ እጄን ያዙኝ።

«ተወው ልጄ፤ ይጥራው» አሉኝ።

ንባቡ እስኪያልቅ እንደዚያው ተጠሩ። ሰው በእንባ ታጠበ። እኔ እጄን ቁልፉ ላይ እንዳደረግሁ ቆሜ ቀረሁ።

ከቀብር መልስ ኦቦ ገመቹ ጠሩኝ። «ልጄን የሰጠሁት በእርሳቸው ቃል ነበር፤ ዛሬ ቀበርናቸው» አሉ። ቀጠሉና «አሁንም የምትፈልጓት ከሆነ ሽማግሌ ላኩ» ብለውኝ ሄዱ። ያለ ሌንሳ ባንድ የለንም።

ኦቦ ደቻሳ፣ እሑድ ጉደር እንሄዳለን። ሽማግሌ አላጣንም፤ ተናጋሪው ግን እኔ እንድሆን ተወስኗል። ምን እንደምል አላውቅም። እስካሁን አላለቀስኩልዎትም፤ ውስጤ ደንዝዟል፤ እባክዎ ሳይወደኝ ቀርቶ ነው አይበሉኝ። ኦቦ ገመቹ ሌላ ቀን ኑ ቢሉን ሌላ ቀን እንሄዳለን፤ ደግመው ቢቀጥሩንም እንሄዳለን። እርስዎ ግን ብዙ ተመላልሰዋል። የጉደሩን መንገድ ለእኛ ይተዉልንና ይረፉ፣ አባታችን።