ከመቀሱ በፊት የቆረጥኩት

የጋሽ ሸምሱን ሞት የሰማሁት እዚህ ካምፓላ፣ ከቅዳሴ ወጥቼ ነጠላዬን እያጣጠፍኩ ሳለ ነው። ልጃቸው ነኢማ የድምፅ መልእክት ልካልኝ ነበር። በእኚህ ሰው ላይ ያደረግሁትን ለባሌ ነግሬው አላውቅም። እናቴም አታውቅም። የሚብሰው ደግሞ ስንት ዓመት እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ለተናዘዝኩላቸው ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። «ሥራ ላይ ቸልተኛ ነበርኩ አባ» ብዬ አልፌዋለሁ። ቸልተኛ? እኔ? በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ እኮ የለም። ኃጢአቴም ያለው እዚያው ጥንቃቄው ውስጥ ነው።

የነኢማ ድምፅ የተረጋጋ ነበር። አባቷ ታመው ብዙ እንዳልቆዩ፣ በሰላም እንዳረፉ ነገረችኝ። ከዚያ አንድ ነገር ለመነችኝ።

«እህቴ፣ አባባ ቢስሚላሂ ሳይል መቀስ አንስቶ አያውቅም። የልጅ ልጆቹ ድምፁ ሲናፍቃቸው አንቺ የጫንሻቸውን የስፌት ትምህርቶች ከፍተን አየን። አንዱም ላይ የለም። ያልተጫነ የቀረ ነገር እጅሽ ላይ ካለ፣ በአላህ ላኪልን።»

የመልእክቱ መጨረሻ ሌላም ነገር ነበረው። እሱን ለመጻፍ ገና አቅም አላገኘሁም፤ እመለስበታለሁ።

ነኢማ፣ የቀረ ነገር የለም። የቀረውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከነበረበት የቆረጥኩትም እኔ ነኝ።

የከተማው ባቡር ሐዲድ በአውቶቡስ ተራ በኩል ሲሠራ፣ አቧራው ከልብሳችን አልላቀቅ ባለበት ዘመን፣ መሳለሚያ ፎቅ ላይ በነበረ አንድ የልብስ ስፌት ማሠልጠኛ ተቀጥሬ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ወልዴ ክፍለ ሀገር ላሉ ሰልጣኞች በኢንተርኔት ማስተማር ጀመሩ። የእኔ ሥራ መምህራኑን በካሜራ ቀርጬ፣ ቪዲዮውን አስተካክዬ፣ ከጽሑፉና ከሥዕሉ ጋር በየክፍሉ እያደረግሁ ድረ ገጹ ላይ መጫን ነበር። ሰልጣኙ ደሴም ይሁን ጅማ፣ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ በፍላሽ ያወርደውና ቤቱ ማሽኑ ላይ ተቀምጦ እያየ ይሠራል።

ጋሽ ሸምሱ ቅድ ነበር የሚያስተምሩት፤ ጨርቁን ለክቶ፣ በጠመኔ አስምሮ መቁረጥ። በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው መርካቶ በረንዳ ላይ ማሽን ሲረግጡ ያረጁ፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ሜትራቸው ከአንገታቸው የማይወርድ ሰው ነበሩ። ቪዲዮ ስጭን ከኋላዬ ይቆሙና «ዛሬ የት ደረስኩ?» ይሉኛል።

«ደሴ ገብተዋል።»

«ሳልሳፈር! አንቺስ ከአውቶቡስ ተራ ወያላ ትሻያለሽ። ሳትጮሂ ትጭኛለሽ።»

ለአንድ ፋይል ስም ለማውጣት ስጨነቅ ካዩ፣ ክርስትና እያነሳሽው ነው ወይ ብለው ይስቁብኛል። በረመዳን ሻዬን ተደብቄ ስጠጣ ያገኙኝ ቀን፣ ጠጪ እንጂ፣ የኔን ጾም አንቺ አትጾሚልኝም አሉኝ። በእኔ ጾም ደግሞ ከታች ሽሮ ያስመጡና ቅቤ አለመንካቱን ልጅቷን ደጋግመው ሳይጠይቁ አያቀርቡልኝም ነበር። ጾሜን ከእኔ በላይ ይጠነቀቁልኝ ነበር ብል ውሸት አይሆንም።

ታዲያ ጨርቅ ከመቅደዳቸው በፊት አንድ ልማድ ነበራቸው። ውሃ በብርጭቆ ይቀርባል። «ቢስሚላሂ» ይሉና ጣታቸውን ነክረው የጨርቁ ጥግ ላይ ያርከፈክፋሉ። ከዚያ እጃቸውን አጣምረው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ ዝም ብለው ይቆያሉ። የረጠበው ሲደርቅ በስንዝራቸው ለካ ያደርጉትና ጠመኔ ያነሳሉ።

እኔ ይህን ምን ብዬ አየሁት? ጸሎት ብዬ። ጠበል ቦታ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የፈጣሪ ስም ተጠርቶ ውሃ ሲረጭ ሌላ ትርጉም አልመጣልኝም። ውሃውም ዝምታውም የሃይማኖታቸው ሥርዓት መሰለኝ። ብጠይቃቸው ስቀው ይነግሩኝ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ላሉት ሰልጣኞች በመጀመሪያው ቀን፣ እኔ ካሜራ ሳልይዝ፣ ነግረዋቸዋል። እኔ ግን አልጠየቅሁም። በሰው እምነት እጄን እንዳላስገባ ስጠነቀቅ፣ መቀሴን አስገባሁ።

ቆረጥኩት። ከ«ቢስሚላሂ» እስከ ጠመኔው ያለውን ሁሉ፣ ከእያንዳንዱ ቪዲዮ ቆረጥኩት። ኮኔክሽኑ ደካማ ነው፣ ፋይሉ ይቅለል አልኩ። ይህ ትምህርት ነው፣ ሰልጣኙ ሁሉ እምነቱ አንድ አይደለም አልኩ። ለራሴ ያላልኩት ነገር የለም። ታዲያ የጥልፍ መምህራችን መርፌ ከማንሳቷ በፊት አማትባ «በስመ አብ» ስትል፣ ያንን ለምን አልቆረጥኩም? የእሷ ፋይል አይከብድም ነበር? አለመቁረጥ ብቻ አይደለም፤ ድምፁ ዝቅ ብሎብኝ ከፍ አድርጌዋለሁ። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ምን ሰበብ ይቀረኛል?

ከሰልጣኞቹ አንዷ ሆሳዕና ያለች እናት ነበረች። ከእኛ በተማረችው የአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፋች። መጀመሪያ እንደታጠበ ልብሱ ሁሉ ተኮማተረ፤ የልጆቹ እጅጌ ክርናቸው ላይ ቀረ። ደውላ አለቀሰች። ጋሽ ወልዴ ሁለታችንንም ጠሩን።

«ሸምሱ፣ ጨርቁ ውሃ ሲነካው ማጠር አለማጠሩን መፈተን አላሳየሃቸውም እንዴ?»

«ውሃ ሳላቀምሰው የቀደድኩት ጨርቅ አለ?» አሉ ጋሽ ሸምሱ ፈገግ ብለው። «ክፈቺለት ልጄ።»

ያኔ ገባኝ። ቆሜ ሳለሁ፣ እጄ የኮምፒውተሩ ማውስ ላይ እንዳለ ገባኝ። ውሃው ጸሎት አልነበረም። ውሃው ትምህርቱ ነበር።

ከፈትኩ። ጠመኔው ላይ ይጀምራል። ሌላውን ከፈትኩ፤ እሱም ከጠመኔው ይጀምራል። ጋሽ ሸምሱ መነጽራቸውን ጠረጉና ደግመሽ ክፈቺው አሉኝ። ደግሜ ከፈትኩት። ከዚያ ጣቶቻቸውን የሌላ ሰው ጣቶች ይመስል ዘርግተው አዩአቸው።

«ረስቼው ኖሯል» አሉ። «እርጅና ነው።» ካሜራ ያየውን ሳያስቀር ያሳያል ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ።

እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ይህን ያህል ማለት ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። ለምን ዝም አልኩ? እንጀራዬን ፈርቼ አይደለም፤ ጋሽ ወልዴ ተቆጥተው ይተዉኝ ነበር። የፈራሁት ጋሽ ሸምሱ «ለምን ልጄ?» እንዳይሉኝ ነው። ምን ልመልስላቸው? ሽሮዬን ቅቤ እንዳይነካው የጠበቁልኝን ሰው፣ እኔ ግን የአምላክዎን ስም አልጠበቅሁልዎትም ልበላቸው?

ያልተቆረጠው ቅጂ በዚያ ቀን ገና ሃርድ ዲስኩ ላይ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ገባሁ፤ ሥራ ከመጀመሬ በፊት እንደ ልማዴ አማተብኩ፤ አጠፋሁት። አማትቤ አጠፋሁት። ዲስኩ ሞልቷል አልኩ። የመጀመሪያው ካለማወቅ ነው ቢባል፣ ይህኛውስ?

ጋሽ ሸምሱ ማስተማሩን ተዉ። የሚረሳ ሰው የሰው ጨርቅ ያበላሻል ብለው ወደ በረንዳቸው፣ ወደ ማሽናቸው ተመለሱ። በዚያ ሳልፍ «ነይ አንቺ የቪዲዮ ልጅ፣ ጾም ገባ ወይስ ወጣ?» ብለው ይጠሩኛል። ሻይ ያስመጡልኛል። የቀሚሴ ጠርዝ ተተርትሮ ካዩ፣ እንዲህ ሆነሽ ቤተ ክርስቲያን ልትሄጂ ነው ብለው ተቆጥተው፣ እዚያው እንደቆምኩ በመርፌ ይለቅሙልኛል። ጎንበስ ብለው ሲሰፉልኝ አናታቸውን እያየሁ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ። አንድ ቀንማ ጀምሬው ነበር፤ «ጋሽ ሸምሱ፣ ያኔ ያ ቪዲዮ...» አልኩ።

«ተይው» አሉኝ፣ ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ። «አንቺ በደንብ ነው የሠራሽው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ተውኩት። እንዴት ተውኩት? ሳልጠይቅ ይቅር የተባልኩ መሰለኝ። ከዚያ አግብቼ ወደዚህ መጣሁ። እሳቸው ግን ስሜን እየጠሩ ለነኢማ ያወሩላት ነበር፤ ስልክ ቁጥሬን ፈልጋ ያገኘችውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ የመልእክቱ መጨረሻ ይኸው።

«አባባ በመጨረሻው ጊዜ ቪዲዮዎቹን በኔ ስልክ ያያቸው ነበር። ስለ ውሃው አልነበረም ሐሳቡ። ‹የአላህን ስም ሳልጠራ ነው እንዴ ስቀድ የኖርኩት?› እያለ ያለቅሳል። ስሙን መጥራት አልረሳህም አባባ እለዋለሁ። ይኸው እያየሁት ይለኛል።»

ይህን ስሰማ ነጠላዬ ከእጄ ወደቀ። እኔ እስከዚያች ቀን የሰረቅኋቸው ሥራቸውን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከፈጣሪያቸው ጋር አጣልቻቸው ኖሯል፤ ምንም ሳይበድሉ፣ ንስሐ በማያስፈልገው ነገር ንስሐ ሲገቡ አርፈዋል። ንስሐው የእኔ ነበር።

ጋሽ ሸምሱ፣ አልረሱም። አንድም ቀን አልረሱም። እኔ ምስክር ነኝ። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ስሙ የት ጋ እንደሚጀምር የት ጋ እንደሚያልቅ ለይቼ፣ እያንዳንዱን ሰምቼዋለሁ። ያን ቃል ከአፍዎ የእኔን ያህል አጥርቶ የሰማ የለም። ይህን በሕይወትዎ ሳሉ ልነግርዎት ይገባኝ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ከማንም በፊት ለነኢማ ይደርሳል። ቀጥሎ ለንስሐ አባቴ እነግራቸዋለሁ፤ በዚህ ጊዜ «ቸልተኛ ነበርኩ» አልልም። ነኢማ ይቅር ትበለኝ አልልም። ልመናዬ ለሌሎች ነው።

ያኔ መሳለሚያ ፎቅ ላይ ጠረጴዛውን ከብባችሁ የቆማችሁ ሰልጣኞች፣ ከኋላ ስልካችሁን ከፍ አድርጋችሁ ስትቀርጿቸው አይቻለሁ። ካሜራዬን ጋረዳችሁብኝ ብዬ የተቆጣኋችሁም አላችሁ። እባካችሁ አሮጌ ስልካችሁን፣ መሳቢያ ውስጥ የቀረ ሚሞሪ ካርዳችሁን ፈልጉ። ብታገኙ ለእኔ አትላኩልኝ፤ በእኔ እጅ አይለፍ። በአባቷ ማሽን ላይ አሁን የተቀመጠችው ነኢማ ናት፤ በረንዳዋን ታውቁታላችሁ። ምስሉ ቢንቀጠቀጥ፣ ሳቃችሁ ቢገባበት፣ የታክሲ ረዳቶቹ ጩኸት ግማሹን ቢሸፍነው ግድ የለም። ብርጭቆው ከቀረበበት ጀምሮ እንዳለ ስጧት። ምንም አትቁረጡበት።