በሎሚ ያሸኋቸው የጋሽ ሃብቶም ሳንቲሞች

ጋሽ ሃብቶም አረፉ አለችኝ ልጃቸው፣ ዛሬ ጠዋት ደውላ። «የትኛው ሃብቶም?» አልኳት። ሌላ ሃብቶም አላውቅም። እንዲሁ አፌ አመጣው።

ባለፈው እሑድ እንኳ ልጠይቃቸው ተነስቼ ዝናቡን ሰበብ አድርጌ ቀረሁ።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። በደርግ ጊዜ ከአዲስ አበባ ሸሽቼ ናይሮቢ ስገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ኢስትሊ ሰፈር በተከራየሁበት ግቢ ጎረቤቴ ነበሩ። ምፅዋ ወደብ ጸሐፊ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። ሲሰደዱ በኮታቸው ገበር ሰፍተው ይዘው የወጡት ሰባት የጥንት ሮማውያን የነሐስ ሳንቲሞችን ነበር። ዙላ፣ ድሮ የአዱሊስ ወደብ በነበረችበት ቦታ፣ ዝናብ አፈሩን ባጠበው ቁጥር ራሳቸው የለቀሟቸው ናቸው።

አንዷን አብልጠው ይወዷት ነበር። ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አትበልጥም። በአንድ በኩል የንጉሥ ቆስጠንጢኖስ መልክ፣ በጀርባዋ ዓርማ የያዙ ሁለት ወታደሮች።

«የእሌኒ ልጅ ነው፣ መስቀሉን ያስቆፈረችው የእሌኒ» ይሉኝ ነበር። «ወርቁ የትልቅ ነጋዴ ነው። ነሐስ ግን መርከበኛ ዳቦ የሚገዛበት ነው። እኛ አፈር ላይ ከተገኘ፣ ያ መርከበኛ እኛ ጋ ወርዷል ማለት ነው።»

ይህን የሚያምናቸው ሰው ለዓመታት ፈለጉ። በመጨረሻ እዚያው ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ሰፈር የሚኖር፣ ጥንታዊ ሳንቲም የሚያውቅ አንድ ፈረንጅ መምህር ቤታቸው መጥቶ ሊያይላቸው ቀን ሰጣቸው።

እኔ ደግሞ እንግዳ ሊመጣ ነው ብዬ፣ ጋሼ ዳቦ ሊገዙ ወጣ ባሉበት፣ ሰባቱንም በሎሚና በአመድ ፈተግኳቸው። እናቴ ለበዓል የነሐስ ዕቃ የምታጸዳው እንደዚያ ነበር። የእሌኒ ልጅ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ እንግዳ ፊት እንዴት ይቀርባል ብዬ። አብለጨለጩ። በራሴ ኮራሁ።

ፈረንጁ መጥቶ ሲቀመጥ ጋሼ ሳንቲሞቹን ያኖሩበትን ሳጥን ከፍተው ወደ ብርሃን ጠጋ አድርገው አዩና ሰጡት። ፈረንጁ አንዷን አገላብጦ አያት። «ማን ነው ያጠባቸው?» አለ። ለካ ዕድሜያቸውንና የተኙበትን አፈር የሚመሰክረው ያ አረንጓዴ ዝገት ኖሯል።

የሻይ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። ጣቶቼ ሎሚ ሎሚ ይሸታሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ሃብቶም። «ሳላውቅ ነው።»

ሰውየው ሻዩን ጠጥቶ፣ አመስግኖ ሄደ። ተመልሶ አልመጣም። እኔም ምንም አላልኩም፤ ያን ቀንም፣ በማግስቱም፣ በእነዚህ ሁሉ ዓመታትም።

ከዚያ ወዲህ ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር ያቺን ሳንቲም አውጥተው መዳፌ ላይ ያስቀምጡልኛል። «ፖሌ ፖሌ» ይላሉ፤ ቀስ በቀስ ለማለት ከአፋቸው የማይለይ ስዋሂሊ ነበር። «አየሽ ልጄ፣ ፖሌ ፖሌ አረንጓዴ መልኳ እየተመለሰ ነው።» እኔ ወሬ እቀይራለሁ።

ግቢው ብዙ ሰው ነበረበትና፣ እኔ መሆኔን ያወቁብኝ አይመስለኝም ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን፣ ሳንቲሟን ለሌላ ሰው እንዲያ ሲያሳዩ አይቼ አላውቅም። በሩን ከፍተው እየጠበቁኝ ነበር፤ እኔ ነኝ አልገባም ያልኩት። አፍሬያለሁ።

ጋሼ፣ ያሸኋቸው እኔ ነኝ። ፊትዎ ተቀምጬ ለማለት ያቃተኝን ይኸው ዛሬ አገር ያነበዋል፣ እርስዎ ብቻ አያነቡትም።

ፖሌ ፖሌ ይሂዱ ጋሼ። ይቅርታዬ ዘግይቶ ነው የተነሳው፣ መንገድ ላይ ይድረስብዎት።