እልልታ የማይባልበት ቦታ

የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ እህቴ የምትዘምርበትን ዝግጅት ለማየት ከግቢያችን ሁለት ባጃጅ ሞልተን ወጣን። ሁላችንም ጃኬት ለብሰናል። ድሬዳዋ ታህሳስ ላይ ጃኬት የሚለበሰው ብርድ ስላለ ሳይሆን ታህሳስ ስለሆነ ነው።

እህቴ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ መዘምራን ጋር ዓመታት ብትቆይም ብቻዋን ዘምራ አታውቅም። ዘንድሮ አራት ስንኝ ለብቻዋ እንድታዜም ተመረጠች። የግቢው መታጠቢያ ቤት ድምፅ ስለሚያጎላ ልምምዷን እዚያ አደረገች፤ እኛም ሳንታጠብ ሥራ መሄድ ለመድን።

የፈራችው አንድ ነገር ነበር። መዝሙሩ መሃል ላይ ከበሮውም ጭብጨባውም ድንገት ይቆማል፤ እሷ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጥታ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ትጀምራለች። ሰው ደግሞ ከበሮ ሲቆም መዝሙሩ ያለቀ ይመስለውና እልልታውን ያቀልጠዋል። እልል ከተባለ በኋላ የሚሰማት የለም። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ሰብስባ አስጠነቀቀችን። ልምምዱን በስልክ ቀርጻ ስለሰጠችኝ መዝሙሩን ከዳር እስከ ዳር አውቀዋለሁ፤ እኔ «አለቀ» ሳልል ማንም እልል እንዳይል ተስማማን።

ይህን ሁሉ ስትናገር የምታየው ጎረቤታችንን ነበር። ጎረቤታችን ጨርቅ የምትነግድ የሶማሌ ሴት ነች። እናቴ ሥራ ስትውል እህቴን ያሳደገቻት እሷ ነች። በሰርግም በምርቃትም የሰፈራችን እልልታ የሚጀመረው ከእሷ ነው።

«ወላሂ አፌን አልከፍትም» አለች። «አቦ፣ እኔን ብቻ አትዪኝ!»

ከዚራ ሰፈር ያለው አዳራሽ ሞልቶ ነበር፤ ከፊት ቦታ አገኘን። የእህቴ መዝሙር ደረሰ። መሃል ላይ ከበሮው ቆመ። እህቴ አንድ እርምጃ ወጣችና አፏን ከፈተች።

ጎረቤታችን እልል አለች።

አዳራሹ ተከተላት። ከኋላ ያሉት ቆመው አጨበጨቡ። የመዘምራኑ መሪ ግራ ገብቶት እጁን አወረደ፤ መዘምራኑም እጅ ነስተው መውጣት ጀመሩ። እህቴ አፏን እንደከፈተች ቀረች።

«ምን አደረግሽ?» አለች እናቴ።

«ልጄ ብቻዋን ስትወጣ ዝም ልበል? ሙሽራ ስትወጣ ማን ዝም ይላል?»

«ገና አልጀመረችም እኮ!»

ጎረቤታችን የእህቴን ፊት አየች። ከዚያ ብድግ አለች።

«ወሪያ!» ብላ መሪውን በሶማልኛ ተጣራች። አዳራሹ ጸጥ አለ። «መልሳቸው! ልጄ አልዘፈነችም።»

«አልዘመረችም በይ» አለች እናቴ ቀሚሷን እየጎተተች።

«እሱንም አላደረገችም!»

መሪው ትንሽ አሰበና መዘምራኑን መለሳቸው። ከመጀመሪያው ጀመሩ። ከበሮው ሲቆም ጎረቤታችን የሻሿን ጫፍ ነክሳ ነበር። እህቴ ወጥታ አራቱንም ስንኝ አዜመች። ሁለተኛው ላይ ድምፅዋ ትንሽ ሳሳ፤ ሦስተኛው ላይ ተመለሰ። አራተኛው ላይ ምንም እንከን አላገኘሁም፤ ፈልጌ ነበር። መዘምራኑ ተቀብለዋት መዝሙሩን ጨረሱ።

ማንም ትንፍሽ አላለም። አዳራሹ በሙሉ ጎረቤታችንን ያያል፤ እሷ እኔን ታያለች።

«አለቀ» አልኳት።

ሻሹን ከአፏ ሳታወጣ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

«አልቋል እኮ።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ» አልኩ።

ያኔ እልልታውን ለቀቀችው። እህቴ መጋረጃው ጋ ደርሳ ነበር። ከሌሎቹ ተነጥላ ተመለሰችና መድረኩ መሃል ላይ ብቻዋን እጅ ነሳች። ይህን ማንም አላዘዛትም።