ክፍት ምንጭ ለሞጣ ሕዝብ

በዚያን ጊዜ እኔ የማላውቀው ነገር አልነበረም። ብቸና ላይ አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነበረችኝ፤ የሚጻፍ ሲጠፋ ጌም አጫውትባታለሁ። ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ስለ ዓለም ኮምፒውተር ኩባንያዎች ያለኝን አስተያየት መስማት ግዴታው ነበር። የትኛው እንደሚከስር፣ የትኛው የትኛውን እንደሚውጥ እተነብያለሁ። ትንቢቴ ሁሉ ተገልብጦ ይፈጸማል። «ሞባይል ላይ ደብዳቤ የሚጽፍ እብድ ብቻ ነው» ያልኩትም እኔው ነኝ።

ፍላሽ ዲስክ ቫይረስን እንደ ጉንፋን ከቢሮ ቢሮ ማዞር ሲጀምር፣ ሊኑክስ የሚባል፣ ውስጡ ለማንም ክፍት የሆነ ሲስተም በሲዲ አገኘሁና ጫንኩት። ቫይረሱ ደጄን ሳይረግጥ አለፈ። ከዚያ ወዲያ ሰባኪ ሆንኩ። ጎረቤት ለቅሶ ስደርስ እንኳ ሳላነሳው አልመለስም። ባለቤቴ «እኔን ልታጭ ስትመጣ እንኳ እንዲህ አልተንሰፈሰፍክም» ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን የሞጣ ወጣት ማዕከል ኃላፊ የሆነው ጓደኛዬ ደወለልኝ።

«ኮምፒውተሮቻችንን ቫይረስ ጨረሳቸው። ኮሚቴው ቅዳሜ ይሰበሰባል፤ የማይሠሩ ከሆነ ለሌላ ወረዳ ይሰጡ ሊል ነው። ድረስልኝ!»

«ለእኔ ተወው! እዚያው ስብሰባው ላይ ገለጻ አደርጋለሁ፤ ማስታወቂያም ለጥፍ» አልኩና ርእሱን እዚያው በስልክ አስጻፍኩት። ሊኑክስን የመሰለውን ፈረንጆቹ እንደሚጠሩት «ኦፕን ሶርስ» ብዬ መተው ስችል፣ የጎጃም ልጅ ሆኜ ቃል ልበደር ወይ ብዬ ተረጎምኩት፦ «ክፍት ምንጭ ለሞጣ ሕዝብ ያለው ጥቅም»።

ሞጣ ስደርስ አዳራሹ ጢም ብሏል። ዝናዬ ቀድሞኝ ደርሷል ብዬ ኮቴን አስተካከልኩ። ከፊት የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ቅኔ ያስተምሩ የነበሩ መሪጌታ፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ያሉት ሽማግሌዎች ግን ኮምፒውተር ሊያዩ የመጡ አይመስሉም፤ የገሚሶቹ እጅ ሲሚንቶ በሲሚንቶ ነው።

«ክፍት ምንጭ ይጠቅማል ያልከው አንተ ነህ?» አሉ መሪጌታ።

«አዎን አባቴ! ዓለም በሙሉ ወደዚያ እየሄደ ነው።»

«ዓለምማ ወደ ገሃነምም ይሄዳል። እኛ ድንጋይ ተሸክመን፣ ከብት እንዳይገባበት ብለን ምንጫችንን ገና አሁን ከደንነው። ልጆቻችን ከተቅማጥ አረፉ ስንል፣ አንተ ክፈቱት ልትለን ከብቸና ድረስ መጣህ?»

«ብቸናዎች ቀንተው ነው!» አለ ከኋላ አንዱ።

ጓደኛዬ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። እዚህ ላይ ብልህ ሰው ቢሆን «ቃሉ ነው ያሳሳተን፣ ይቅርታ» ብሎ ይቀመጣል። እኔ ግን ብልህ ብሆን ኖሮ መጀመሪያውኑ ብቸና እቀር ነበር።

«አባቴ፣ ይህ ምንጭ የውሃ አይደለም፤ የኮምፒውተር ነው። ክፍት የሆነው ማንም ገብቶ ቆሻሻ ካለበት አይቶ እንዲጠርገው ነው።»

«ማንም?»

«ማንም!»

«የማንም ከሆነ ታዲያ ማን ይጠርገዋል?»

እስከ ዛሬም የኮምፒውተር ዜና ባነበብኩ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ ስንቱ ሀብታም ኩባንያ እየተጎነጨ የሚሄድበትን ምንጭ አንድ ምስኪን ብቻውን ሲጠርግ አያለሁ። ያን ዕለት ግን «ዓለም በደቦ ይጠርገዋል» ብዬ ዋሸሁ።

«ደቦ ከሆነ ጠላው የታል?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኮምፒውተሮቹ አይሱዙ ላይ ተጭነው ከሞጣ ሲወጡ ታየኝ። በወሬ እንደማልረታ ሳውቅ፣ ከአንዱ ኮምፒውተር ሲዲዬን ከትቼ አስነሳሁት። ተነሳ! የደብዳቤ መጻፊያውን ላሳይ ስል ግን ተሳስቼ ሌላ ነካሁና ከላይ ጡብ እየወረደ ከታች የሚደረደርበት ያ የድሮ ጌም ተከፈተ። ልዘጋው ስጣደፍ፣

«ተው! ያ ድንጋይ ጠማማ ነው፤ አዙረው!» አሉ መሪጌታ።

አዞርኩት።

«ኤዲያ! አበላሸኸው። ተነስ ከዚህ!»

ወንበሬን ወሰዱ። ምንጩን የገነቡት ሽማግሌዎች ከበቧቸው።

«ማእዘኑን ይጠብቁ መሪጌታ!»

«ቀዳዳ አይተዉ፣ ቀዳዳ!»

«ዝም በሉ! ግንብ ለእኔ ትነግሩኛላችሁ?»

መብራት ጠፍቶ ግንቡ እስኪጨልም ድረስ ስብሰባ የሚባል ነገር ያስታወሰ የለም። ከዚያ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ኮምፒውተሮቹ ይቆዩልን» አሉ። ጓደኛዬ ሊስማቸው ምንም አልቀረው።

«ለመሆኑ ይህ ነገር ይከፈልበታል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ነጻ ነው አባቴ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«እሰየው። እንግዲህ ምንጩ ነጻ ከሆነ ጠራጊውም ነጻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለህ።»

አጨበጨቡ። እኔም ደንግጬ አብሬ አጨበጨብኩ።

ከዚያ በኋላ ያንን የኮረኮንች መንገድ እንደ እኔ የሚያውቀው የለም፤ ሽንጤ ለየጉድጓዱ ስም አውጥቶለታል። ኮምፒውተሮቹ ግን ከሞጣ አልወጡም። ቅዳሜ አቧራዬን አራግፌ ስገባ ሽማግሌዎቹ ጡባቸውን ሲደረድሩ አገኛቸዋለሁ፤ ወጣቶቹ ደግሞ የወጣት ማዕከሉ ደጅ ላይ ተሰልፈው፣ አባቶች እስኪጨርሱ ይጠብቃሉ።