ያልጮኸው ጅራፍ

ቡሄ ሲቃረብ ቅዳሜ ገበያ ሳልፍ የረጠበ ቃጫ ይሸተኛል፤ ያኔ አባቴ ቤት የዋለበት የቡሄ ዋዜማ ትዝ ይለኛል።

አባቴ ጎንደር ከተማ ነርስ ነበር፤ በዓል በመጣ ቁጥር ተረኛ ነው። በዚያ ዓመት ግን ፈቃድ አገኘና እኔንና እህቴን ትርሲትን ደጃፍ ላይ አስቀምጦ ጅራፍ መግመድ አስተማረን። እኔ እንዳይበጠስብኝ ብዬ ከእጀታው እስከ ጫፉ እኩል አወፈርኩት። ሜዳ ወጥተን ስንሞክር የትርሲት ጮኸ፤ የእኔ ዝም አለ። የጎረቤታችን ልጅ ማሩ በሳቅ ፈነዳ።

"ጅራፍህ ርቦታል፤ ሙልሙል አጉርሰው!"

በማግሥቱ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ጅራፍ ይጋጠማሉ። እንባዬን እየዋጥኩ ለአባቴ ሰጠሁት። በጣቶቹ ዳሰሰው።

"ሸጋ አድርገህ ገምደኸዋል። ወደ ጫፉ ግን እየቀጠነ መሄድ ነበረበት። እንፍታው?"

"ሁሉንም? ይመሻል እኮ፣ አባባ!"

"ይምሽ። እኔ ሥራ ላይ የተሳሳትኩትን ፈትቼ እንደገና መጀመር አልችልም፤ ዛሬ እንኳ ልጥገበው።"

ነገሩ አልገባኝም። እሱ ግን አንዲት ክር ሳይበጥስ ፈታው፤ ቃጫውን ውኃ ውስጥ እየነከረ አቀበለኝና ራሴን አስገመደኝ። ጀምበር ሳትጠልቅ ጅራፌ ጮኸ። ከእኔ ቀድሞ በባዶ እግሩ የዘለለው አባቴ ነበር።

ዛሬ ልብስ ሰፊ ነኝ። የእኔ ስህተት በመቀስ ጫፍ ይፈታል። ስፌት በተጣመመብኝ ቁጥር አባቴን አስበውና ሳልነጫነጭ ከመጀመሪያው እፈታለሁ።