ለእግሬ የመጡ ጠያቂዎች

ቡና የጫነ መኪና ላይ ተሳፍሬ ከሲሬ ወደ ነቀምት ስመለስ መኪናው ተገልብጦ ወገቤን ሰበረኝ። ከዚያ ወዲህ እግሬ አልታዘዝ አለ፤ እሱንስ ለመድኩት። ያልለመድኩት ሽንቴን ነው። ፊኛዬ ሲሞላ አይታወቀኝም፤ ሲያመልጠኝ መጀመሪያ የሚያውቀው አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ነው። እህቴ የቀቀለችውን የላስቲክ ቱቦ በየጥቂት ሰዓቱ አስገብቼ ካላፈሰስኩት ልብሴ ላይ ነው። ስለዚህ ሰው መሸሽ ጀመርኩ፤ ሰውም ብዙ አልተከተለኝም። ሁሉም እየረገመ የሚሄድበት የእሑድ የቀበሌ ስብሰባ እንኳ "አንተ ይቅርብህ ጓድ" አለኝ። ጎረቤቶቼ በመስኮቴ ሥር እያጉረመረሙ ሲያልፉ ቀናሁባቸው። እግዜር ያሳያችሁ፣ በቀበሌ ስብሰባ የሚቀና ሰው!

አንድ ጊዜ ነርቭ የሚያውቅ የውጭ አገር ሐኪም ሆስፒታል መጥቷል ተባለና እህቴ በቃሬዛ አስወሰደችኝ። የሚለውን ነርሷ ታስተረጉማለች። በእሱ አገር ትንሽ መሣሪያ ከቆዳ ሥር ይቀብራሉ፤ ቁልፉን ሲነኩት ኤሌክትሪክ ወደ ነርቩ ይሄዳል፣ ፊኛው ይጨመቃል፣ ሽንት በፈለጉት ሰዓት ይወጣል።

"እግሩንስ?" አለች እህቴ።

"እግሩን አይደለም።"

እኔ ግን ደረቅ ሱሪ ለብሼ ሰው መሀል ስቀመጥ ይታየኝ ነበር። ሐኪሙ መጀመሪያ ነርቩ በሕይወት መኖሩን መፈተሽ አለበት፤ ካለ መሣሪያው እንዲገኝልኝ ለአገሩ ሰዎች ይጽፍልኛል። ቀጠረኝ።

እህቴ የሽንቱን ነገር ለሰው መናገር አፍራ "እግሩን በኤሌክትሪክ ሊያዩለት ነው" አለች። ሰፈሩ ደግሞ "በኤሌክትሪክ ሊያስነሡት ነው" አደረገው። ከአደጋው ወዲህ ዝር ያላሉ ሰዎች ሳይቀሩ "ዋቃዮ ሲ ሃ ጋርጋሩ፣ እግዜር ይርዳህ" እያሉ መረቁኝ።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ፊኛዬን በቱቦ ውሃ ሞላና ቱቦውን ቀጥ ብሎ ከቆመ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ጋር አገናኘው። ፊኛው ከተጨመቀ በመስታወቱ ውስጥ ያለው ውሃ ከፍ ይላል። ከወገቤ በታች መርፌ ሰክቶ ኤሌክትሪኩን ለቀቀ። ውሃው ዘለለ! ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

"ስላሳልክ ነው" አለች ነርሷ ቀስ ብላ።

ትንፋሼን ያዝኩ። ኤሌክትሪኩን ጨመረ፣ የመርፌውን ቦታ ቀየረ፣ እንደገና ጨመረ። ውሃው ንቅንቅ አላለም። ነርቩ ሞቷል፤ ለሞተ ነርቭ መሣሪያው አይሠራም።

ሰፈሩ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው መጥቶ ስለ እግሬ አጽናናኝ። ለእግሬማ ካለቀስኩ ቆይቻለሁ። ያጣሁትን የሚያውቅ አንድም ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም፤ እህቴ እንኳ "እግሩ፣ እግሩ" ስትል ሰንብታ ራሷም አምናው ነበር። በጣም ብቸኛ የሆንኩት ያን ቀን፣ ቤቱ ሞልቶ ነው።

በመጨረሻ የቀረው አብሮኝ ያስተምር የነበረ ጓደኛዬ ነበር። ወንበሩን ወደ አልጋዬ አስጠግቶ እጄን ያዘኝ።

"ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ጃባዱ! በርታ። እግር ባይኖርስ? እኛ አለንህ አይደል? ዛሬ የትም አልሄድም፣ ስናወጋ እናመሻለን።"

ከአደጋው ወዲህ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ደስ አለኝ፣ ከልቤ ደስ አለኝ። ግን ቱቦውን የማስገባበት ሰዓት አልፏል። ልነግረው አፌን ከፈትኩ።

"ደክሞኛል፣ ልተኛ" አልኩት።

ስላደከመኝ ይቅርታ ጠይቆኝ ወጣ።