የልጄ ሊፒስቲክና የበግ ፀጉር

በየትኛው ዓመት እንደሆነ በደንብ አላስታውሰውም፤ ብቻ በማስተር ፕላኑ ሁከት መንገድ የተዘጋበት ሰሞን ነው። የልጄ ሰርግ ደርሶ ሊፒስቲክ ስትሞክር ከንፈሯ አበጠ። እብጠቱስ በማግስቱ ጎደለ፤ እሷ ግን «ሙሽራ ሆኜ እንዲሁ ልወጣ ነው?» ብላ አለቀሰች። ሌላ እንዳንገዛላት ከቡራዩ አዲስ አበባ የሚወስድ ታክሲ የለም።

ሊፒስቲኩን ከነካርቶኑ ይዤ ጎረቤታችን ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቋ ስታየኝ ሳቀች።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ! አንቱም ሊቀቡ ነው እንዴ?»

እኔ የካርቶኑን እንግሊዝኛ ማንበብ ስለማልችል፣ እሷ ከምትሸጠው ጋር እያስተያየች አነበበችልኝ።

«ሰሙም የጉሎ ዘይቱም ሁለቱም ላይ አለ። የልጅዎ ግን የበግ ፀጉር ቅባትም ገብቶበታል።»

ይህን ጊዜ ነቃሁ። ልጄን ሱሉልታ ስናሳድጋት፣ የበግ ፀጉር በርኖስ በነካት ቁጥር ገላዋ ይቆጣ ነበር።

«በቃ፣ እሱ ይሆናላ!» አልኳት።

«ይሆናል። ለማንኛውም ይሄን የእኔን መጀመሪያ ክንዷ ላይ ትሞክረው» አለችኝ።

ልጄ ክንዷን ቀብታ አደረች፤ ምንም አልሆነችም። በሰርጓ ቀን ከንፈሯ ቀልቶ ስትስቅ አየኋት፤ የመንገዱንም ነገር ለጊዜው ረሳሁት። ያን ቀን የደረሰችልኝ ያቺ ሳቂታ ባለሱቅ ጎረቤቴ ናት።